መብራት ሠራተኛ ስንጠራ ማንን ነው የምንጠራው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ጥበቃና ስለ ውኃ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ስለ መብራት ግን «ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይቋረጣል» ከሚለው ማስታወቂያ በቀር ቁም ነገር ብለን የጻፍነው የለም። መብራት የመንግሥት ነገር ነው ብለን ስለምናስብ ይሆናል። ሲጠፋ እናማርራለን፣ ሲመጣ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፣ በቃ። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ግን መብራት ኃይልን ለመውቀስ አይደለም። የምንጽፈው በየቤታችን ግድግዳ ውስጥ ስላለው የራሳችን ሽቦና ያንን ሽቦ እንዲነካልን ስለምንጠራው ሰው ነው።

ለዚህ ያነሣሣን ባለፈው ነሐሴ በዕድራችን ድንኳን ውስጥ የደረሰው ነገር ነው። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁም ሰምታችኋል። ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ስለሚጨመርበት ግን የሆነውን እንደ ሆነው እንጻፈው።

ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ዋለ። ማታ ለለቅሶተኛው አምፖል ያስፈልግ ነበርና እንደ ልማዳችን ከጎረቤት ቤት ሶኬት ላይ ሽቦ ተስቦ መጣ። ሽቦው ስላልደረሰ ሁለት ቦታ ተቀጠለ። ናስትሮ አልተገኘም፤ ቅጥሉ በፌስታል ተጠቀለለ። ከዚያ በድንኳኑ የብረት ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ላይ ወጣ፣ አምፖሉ በራ፣ ሁላችንም «እሰይ» አልን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ፣ ጫማዋ ውኃ ስለ ገባበት አውልቃ በባዶ እግሯ የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ ሸርተት ሲላት ያንን ምሰሶ ያዘች። ያዛት። መጮህ እንኳ አልቻለችም፤ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ብርጭቆው ሲሰበር ነው ዘወር ያሉት። እናትየው ልትይዛት ስትሮጥ ሰው ጎትቶ አስቀራት። አንድ ጎረምሳ ወደ ጎረቤት ቤት ዘልሎ ገብቶ ሶኬቱን ባይነቅለው ኖሮ በዚያ ለቅሶ ላይ ሁለተኛ ድንኳን እንተክል ነበር።

ልጅቷ ዛሬ ደኅና ናት፣ ትምህርቷንም ትማራለች። በመዳፏ ላይ ጠባሳው አለ።

ያንን ሽቦ የዘረጉት ማን እንደ ሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ስማቸውን አንጽፍም፤ መጻፍም አያስፈልግም። ላለፉት ሃያ ዓመታት በሰፈራችን ባልቦላ ሲቃጠል፣ ሶኬት ሲቀልጥ፣ ምጣድ አልግል ሲል የምንጠራቸው እሳቸውን ነው። በሌሊት ቢጠሩ ይመጣሉ፤ በዓውደ ዓመት ቢጠሩ ምሳቸውን ትተው ይመጣሉ። ገንዘብ ስንሰጣቸው «ተው፣ ለልጆቹ ዳቦ ግዙበት» ይላሉ። ከሳቸው ቤት ያልተጠራ፣ እሳቸውም ያልገቡበት ቤት የለም። ታዲያ የሙያቸው መነሻ መኪና ነው፤ ዳይናሞና የመኪና ባትሪ ሲሠሩ ነው ያረጁት። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። በመኪና ላይ የብረቱ አካል ራሱ እንደ አንድ ሽቦ ሆኖ ያገለግላል፤ ሰው በእጁ ቢነካው ምንም አይለውም። የቤት መብራት ግን 220 ቮልት ነው፤ ብረት ከነካ ብረቱን የያዘ ሰው አለቀለት። እጃቸው የለመደው የመጀመሪያውን ነው። በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሽቦ ሲጠመጥሙ ምንም ያልመሰላቸው ለዚህ ይመስለናል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አንዳንድ ሰዎች እሳቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ ሲባል ሰምተናል። ይህ ተገቢ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ «የሙያ ፈቃድ አለዎት ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ነጻ ስለ ሆኑ ጠራናቸው፤ ቡና አጠጥተን፣ መርቀን ሸኘናቸው። ዛሬ ጣት የምንቀስር ከሆነ ወደ ራሳችን እንቀስር።

ይህን ስንል የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከነገሩ ንጹሕ ነው ማለታችንም አይደለም። የአዳራሹን የምጣድ ነገር ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፤ እንናገረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም በአዳራሹ ማድ ቤት ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ። አንድ የተማረ ልጅ ጠራን። ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ አየ፣ በመሣሪያው ለካ፣ ከዚያ «ሽቦው 1.5 ነው፤ ለአምፖል እንጂ ለምጣድ አይሆንም። ከሳጥኑ እስከ ማድ ቤቱ በ4 ካሬ ይቀየር» አለ። ለእጁ ብቻ 4,500 ብር ጠየቀ። እኛም በዕድሜ ልካችን ስንከራከር የኖርን ሰዎች ነንና «አንተ ልጅ፣ ሰው ልትገፍ ነው እንዴ?» አልነው። ልጁ ትንሽ ቀነሰ፤ ሽቦውን ግን አላሳንስም አለ። ሸኘነው። በማግስቱ ከመገናኛ አካባቢ ሌላ ሰው አመጣን። እሱ ግድግዳውም ሽቦውም ዘንድ አልደረሰም፤ የ16 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ የ32 ከተተና 800 ብር ተቀብሎ ሄደ። ብሬከሩ መውደቅ አቆመ! «አያችሁ? ያኛው ልጅ ሊበላን ነበር» ተባባልን።

በአራተኛው ወር የማድ ቤቱ ግድግዳ መሽተት ጀመረ። ሶኬቱ ከነምሳሱ ቀልጦ ነበር። ግድግዳው ሲፈነቀል የሽቦው ላስቲክ እንደ ከሰል ጠቁሮ ተገኘ። አዳራሹ ያልነደደው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ደግሞም በዚያ ወር ብዙ ድግስ ስላልነበረ።

እኛ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምን ሰዎች ነን፤ የኤሌክትሪክን ትምህርት አልተማርንም። ያ የመጀመሪያው ልጅ ግን በኋላ ይቅርታ ጠይቀን ስንመልሰው ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳን፤ እናንተም ብትሰሙት መልካም ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይጎትታል። ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ14 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ይህን ያህል ለረጅም ሰዓት ሲሸከም ይግላል። ብሬከር የሚወድቀው ሽቦው ከመጋሉ በፊት «አልቻልኩም» ለማለት ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ሲወድቅ ትልቅ ብሬከር መክተት፣ ውሻው በጮኸ ቁጥር ሌባውን ትቶ ውሻውን እንደ መግደል ነው። ድሮ ባልቦላ ሲቃጠል በቦታው ወፍራም የሽቦ ክር ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር እንጠመጥም የነበረውም ያው ነው።

ሁለተኛው የነገረን ነገር ይበልጥ አስደንግጦናል። በድንኳኑ ውስጥ ልጅቷ ተይዛ ሳለ የጎረቤቱ ብሬከር ለምን አልወደቀም? ብለን ጠየቅነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦን እንጂ ሰውን አይደለም አለ። ሰው ለመግደል ምጣድ ከሚጎትተው እጅግ ያነሰ ይበቃል፤ ብሬከሩ ይህን ታህል አይሰማትም። ለሰው የተሠራው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ባለሙያዎቹ አር ሲ ዲ ይሉታል። ከሄደው መብራት ጥቂት እንኳ በሰው ወይም በእርጥብ ግድግዳ በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ፣ ለቤት የሚገባው ዓይነት በ30 ሚሊ አምፔር፣ ዓይን ከመጨፈን ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። እኛ በየቤቱ እየዞርን ጠይቀን ይህ ያላቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው አገኘናቸው። የመሬት ሽቦም እንደዚሁ ነው። ሶኬታችን ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን በብዙው ቤት ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ለጌጥ ነው ያለው። የልብስ ማጠቢያ ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ ሰዎች፣ «ትንሽ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አትበሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ እናስገባ። ገርጂ ላይ «መብራት ኃይል» የሚባል ሰፈር እንዳለ ታውቃላችሁ። ባለፈው ዓመት ከገጠር የመጣ ዘመዳችን ታክሲ ረዳቱ «መብራት ኃይል! መብራት ኃይል!» እያለ ሲጣራ ሰምቶ «እዚያ ሰፈር መብራት አይጠፋም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ምን እንበለው! መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስሙን ከቀየረ ቆይቷል። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በኋላ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አመንጪው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ወደየቤታችን አከፋፋዩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባለ። እኛ ግን አሁንም «መብራት ኃይል» እንላለን፤ የምንተወውም አይመስለንም። ሠራተኞቹም ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ባልቦላ እያሉ በጣሊያን ቃል ይሠራሉ፤ ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ!

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ የስሙ ነገር ሳይሆን የድንበሩ ነገር ነው መታወቅ ያለበት። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለው የአገልግሎቱ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የኛ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ስሕተት እናያለን። አንዱ፣ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፍቶ ወይም በምሰሶ ላይ ሽቦ እያፏጨ «ፈጥኖ ይደርሳል» በማለት ደፋር ጎረምሳ ከፍሎ ምሰሶ ላይ ማስወጣት ነው። ይህ ክልክል ነው፤ ሰውም ያስገድላል። 905 ተደውሎ ይነገራል፣ ይጠበቃል፤ ያበሳጫል፣ እናውቃለን፣ ይጠበቃል። የወደቀ ሽቦ ካለ ደግሞ ልጆችን ማራቅና ሰው እንዳይጠጋ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሌላው፣ የቤታችን ሽቦ ሲበላሽ የአገልግሎቱ ሰው መጥቶ እንዲሠራልን መጠበቅ ነው። አይመጣም፤ ሥራውም አይደለም። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ደስታውን አብረን ጨፍረናል። ያ ሁሉ ኃይል ግን የመጨረሻዋን አሥር ሜትር የሚጓዘው እኛ በርካሽ ባስዘረጋነው ሽቦ ላይ ነው።

በተለይ ቦሌ ውስጥ ባሉት አሮጌ ቪላዎች ይህ ነገር ይከፋል። እነዚያ ቤቶች ሲሠሩ የነበረው አምፖል፣ ሬዲዮ፣ ቢበዛ ካውያ ነው። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ የሻወር ውኃ ማሞቂያ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ በጓሮ ለተከራዩት ሦስት ክፍሎች ደግሞ ሦስት ምድጃ ተንጠልጥሎበታል። ተከራይ ያላችሁ አከራዮች፣ ኪራይ ስትጨምሩ ሽቦውንም አስቡት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም አዲስ ቤት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከታች እስከ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በዓውደ ዓመት ዋዜማ ምጣድ ሲጥድ በደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ሄዳችሁ ስሙት፤ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል።

ታዲያ ማንን እንጥራ? አስተያየታችን ይህ ነው፤ ከሰፈራችን ያለ፣ ፈቃድ ያለው፣ ቤቱንም እናቱንም የምናውቀው ሰው ይሁን። ከሩቅ የመጣ ሰው ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በሌሊት በ7 ሰዓት ሶኬት ሲጨስ ሰሚት ወይም አያት ያለ ሰው እስኪደርስ ቤት ይነዳል። ከሥራውም በኋላ ጥፋት ቢገኝ የሰፈር ልጅ አያመልጥም፤ ጠዋት በበራችን ያልፋል፣ ለቅሶ ላይ እናገኘዋለን። ያ በ800 ብር ብሬከር የለወጠልን ሰው ስልኩ ዛሬም አይነሣም።

የሰፈር ልጅ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም፤ እሱንማ ለሃያ ዓመት አየነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 በኤሌክትሪክ ሥራ የሚሰማራ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህንን የሚሰጠው ቀድሞ ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል የነበረው፣ አሁን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ልጆችም ሲ ኦ ሲ የሚባለውን ፈተና አልፈው ወረቀት ይይዛሉ። «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም። ሾፌር መንጃ ፈቃድ ይጠየቅ የለ? ያለው ሰው ደስ ብሎት ያሳያል፤ የሌለው ነው የሚቆጣው።

ወረቀት የማንበብ ዓይን ባይኖረን እንኳ ሥራውን አይቶ መለየት ይቻላል። ደህናው ባለሙያ ገና ሲገባ ዋናውን ማጥፊያ ይጠይቃል፤ አጥፍቶም አያምንም፣ በቴስተር ይነካል። የተበላሸውን ከመፍታቱ በፊት ብዙ ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረ? ምን ሲሰካ? ዝናብ ሲዘንብ ነው? የሽቦ ቅጥል በግድግዳ ውስጥ ቀብሮ አይሄድም። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4፣ ለሻወር ማሞቂያ 6 ካሬ ያህል እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል፤ «ቀጭኑ ይበቃል፣ ይቀንስልኛል» ስትሉትም እንቢ ይላችኋል። ይህ እንቢታ ነው ገንዘብ የሚከፈልበት። የቆጣሪውን ማኅተም አይነካም። «ቆጣሪው ዝግ ብሎ እንዲቆጥር ላድርግላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ ግን በሩን አሳዩት፤ እሱ ሄዶ ቅጣቱ የሚቀረው በእናንተ ስም ነው።

ሽቦ ስትገዙም አንድ ቢላዋ ያዙ። በገበያ መዳብ የተባለ፣ ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ በመዳብ የተለበጠ ሽቦ አለ። ክሩን በቢላዋ ፋቅ አድርጉት፤ ሥሩ ነጭ ከሆነ መልሱለት። ባለሱቁ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ ጠቡ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የማኅበሩ ኮሚቴ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሰፈራችን ፈቃድ ያላቸው ሁለት ልጆች አሉ። ከሁለቱ ጋር በጽሑፍ እንዋዋል። ክረምት ሳይገባ የየቤቱን ዋና ሳጥንና የመሬት ሽቦ አንድ ጊዜ እየዞሩ ይመርምሩ፤ የጎደለውን ለባለቤቱ በወረቀት ይስጡ። የሌሊት ጥሪ ዋጋም ከወዲሁ ተቆርጦ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሰው በድንጋጤ ላይ እያለ ዋጋ መከራከር ለማንም አይበጅም። ለዚህም ከእያንዳንዱ አባወራ በወር 30 ብር በመዋጮው ላይ ይጨመር። ዕቃና የጥገና ሥራ የየባለቤቱ ነው።

ገና ሳይቀርብ ተቃውሞው ደርሶናል። አንዳንዱ «ቤቴ ምንም አልሆነ፣ ላልተበላሸ ነገር ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ዕድር የምንከፍለው ሰው ስለ ሞተብን ነው እንዴ? ሌላው ደግሞ «30 ብር ለጡረተኛ ቀላል አይደለም» ብሏል። ይህ እውነት ነው፤ እኛም መልስ አጥተንለታል። ጡረተኞችና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች ነጻ ይሁኑ የሚል አለ፤ ግማሽ ይክፈሉ የሚልም አለ። ጉባኤው ይወስነው።

ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ ሴት መሆኗም አነጋግሯል። «በሌሊት ሴት ልጅ እንዴት ይጠራል?» ያሉ አሉ፤ ይህን ያሉት ለሷ አስበው ከሆነ መልካም፣ ከወንድሟ ጋር ትመጣለች፣ ራሷም እንዲያ ብላለች። «ሴት ምን ታውቃለች?» ያሉትን ግን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ያንን የአዳራሹን የነደደ ግድግዳ ፈንቅላ አዲሱን ሽቦ የዘረጋችው እሷ ናት፤ የዘንድሮን ሠርግ ሁሉ የጋገርንበት ምጣድ በሷ ሥራ ላይ ነው የተሰካው።

ስለ ድንገተኛ አደጋ በአጭሩ፤ ሰው መብራት ከያዘው በእጅ አትንኩት፤ መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ ወይም ሶኬቱን ንቀሉ፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ገፍታችሁ አላቁት። ከዚያ ለአምቡላንስ 907። ሶኬት ወይም ሳጥን ሲነድ ውኃ አትድፉበት፤ ዋናውን አጥፍታችሁ ውጡ፣ ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ። እነዚህን ቁጥሮች በትልቁ ጽፈን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፈናል፤ እባካችሁ ወረቀቱን ለሌላ ጉዳይ ቀድዳችሁ አትውሰዱ፤ ባለፈው የለጠፍነው በሁለት ቀን ጠፍቷል።

የሚቀረን አንድ ነገር ነው፤ የከበደንም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን እኒያ አባታችን ቤት ሄደን ነበር። ከዚያች ማታ ጀምሮ ከቤት ብዙም አይወጡም። ምን ብለን እንደምንጀምር ጨንቆን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ስናወራ ቆየን። በመጨረሻ ሽማግሌው ነገሩን አነሡት፤ ከእንግዲህ የመብራት ሥራ ለልጆቹ ይለቀቅ፣ እርስዎ ደግሞ ልጆቹ ሲዞሩ አብረዋቸው ይዙሩ፤ የየትኛው ቤት ሽቦ በየት እንደሚሄድ ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም አሏቸው። ይህ ለማባበል የተባለ አይደለም፤ እውነት ነው። የግማሹ ሰፈር የሽቦ መንገድ የተጻፈው በሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

እሳቸውም ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ «እኔ ያኔ እንቢ ብላችሁ ኖሮ ማንን ትጠሩ ነበር?» አሉን። የመለሰላቸው የለም። እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ። ልንወጣ በር ላይ ስንደርስ የልጅቷ እጅ ድኖ እንደ ሆነ ጠየቁ። ድኗል አልናቸው።

ጠቅላላ ጉባኤው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ይካሄዳል። ፈቃድ ያለው ልጅ ወይም ዘመድ በሰፈራችን ያላችሁና እኛ ያላወቅነው ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ለጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ፤ ከሁለት በላይ ቢሆኑ ደስ ይለናል። ጉባኤው እስኪወስን ድረስ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ከማንም ቤት ሽቦ አይሳብም። በቻርጅ የሚሠሩ ሁለት ባውዛዎች ተገዝተው ከዕቃ ክፍሉ ጋር ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ በዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ዘንድ ነው። የተጠቀመበት ሰው ቻርጅ አድርጎ ይመልስ።

የማኅበሩ ጸሐፊ